«ሸክም ሆንኩባችሁ» ስለሚሉ አረጋዊ አባት የቀረበ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ከስኳር በሽታ ጋር ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ዓምና አልድን ባለ ቁስል ምክንያት አንድ እግራቸው ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሳም ትተዋል፤ ከዕድራቸውም ቀርተዋል። «ሸክም ሆንኩባችሁ፤ ሞት እንኳ ረሳኝ» ይላሉ። በዚህ ጾም ደግሞ «ጠበሉ ይበቃኛል» ብለው የስኳር መርፌያቸውን አቆሙ። ራሳቸውን እንዳያጠፉ እሰጋለሁ፤ ብጠይቃቸው ግን ያላሰቡትን አሳስባቸው ይሆን? ሞትን መመኘታቸውስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ በፊት ጊዜ የማይሰጠውን ልንገርዎ። መርፌው ዛሬውኑ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ጉዳይ ነው፤ የዚህን መልስ ቀሪ ክፍል ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ያንብቡት። የታመመ ሰው የጾሙን ሕግ በንስሐ አባቱ ፈቃድ እንዲያቀልል ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ መርፌውም ምግብ አይደለምና ጾም አይሽርም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በሕይወተ ሥጋ ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በግልጽ መክረዋል። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ አባትዎ መርፌውን የተዉት ስለ ጾሙ ሳይሆን መኖር ስለ ሰለቻቸው፣ ጾሙንም ለዚህ ሽፋን ስላደረጉት ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው መድኃኒቱንና ምግቡን ቀስ በቀስ ሲተው ቤተሰቡ «ጸሎተኛ ሆነ» ብሎ የሚያልፍበትን ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ምኞቱ ከጠየቁኝ፣ ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለምኗል። መልአኩ የመጣው ሊገሥጸው አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ መልሶ እንዲተኛ ተወው፣ ሁለተኛም ቀስቅሶ «ተነሥና ብላ» አለው። የሚጠብቀው የረጅም መንገድ ነገር የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በሕመም የተጨነቀ አረጋዊ «አሳርፈኝ» ብሎ ወደ ፈጣሪው መጮኹን እንደ ወንጀል አንቁጠርበት። ራስን ማጥፋት ግን ከባድ ኃጢአት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ታስተምራለች፤ ይህን ትምህርት ግን በተጨነቀ ሰው ራስ ላይ እንደ ዱላ ማንሣት ዝም ያሰኘዋል እንጂ አይፈውሰውም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አባ ጢሞቴዎስ (እርሳቸውም ለጥያቄ መልስ እየሰጡ ነበር) ራሱን ስላጠፋ ሰው ሲጠየቁ፣ ካህኑ ሰውየው አእምሮውን ስቶ እንደ ነበረ በጥንቃቄ መመርመር እንዳለበት መልሰዋል። በሽታ አእምሮንም እንደሚጎዳ አባቶች ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ይህ የአባትዎ ብቻ ፈተና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ በብዙ የዓለም ክፍሎችም ከ70 ዓመት በላይ የሆኑት ይበልጥ ይጋለጣሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በድብርት የመያዝ ዕድሉም ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ድብርት ደግሞ የሚታከም ሕመም ነው። በእኛ አገር ግን አረጋዊው እንቅልፍ ቢያጣ፣ ምግብ ቢጠላ፣ ከሰው ቢርቅ «ዕድሜው ነው» ይባላል፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ልጆቹን እንዳስጨነቃቸው ደግሞ እርሱ ራሱ በየቀኑ ያያል። «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው ቃል የሚወጣው ከዚህ ነው፤ ከምሬት ሁሉ ይልቅ ጆሮ ሊሰጡት የሚገባውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ይጠይቋቸው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ብዙውን ጊዜ የተዘጋውን ደጅ ይከፍታል። ሰው በሌለበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠው «አባዬ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ይበሉ፤ ከመለሱም በኋላ ለመምከር አይቸኩሉ። «አዎ» ካሉ ብቻቸውን አይተዉአቸው፤ መድኃኒቱን ሌላ ሰው ይያዘው፤ ለእርሻና ለተባይ የሚረጭ ነገር ካለም ከቤት ይውጣ፤ ለሐኪሙም የሰሙትን ሳይሸሽጉ ይንገሩት። «ለማንም እንዳትነግሪ» ቢሉዎ እንኳ ይህ የሚጠበቅ ምስጢር አይደለም። አስቸኳይ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በአማኑኤልም ሆነ በሌላ የአእምሮ ሕክምና መታየት አባትዎን አያዋርዳቸውም፤ ጎረቤት ምን ይላል የሚለውን ለጎረቤት ይተዉት።

የንስሐ አባታቸው ደግሞ ወደ ቤት ይምጡላቸው፤ ጸሎተ ቀንዲልም ይደረግላቸው። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» የሚለውን የዳዊት ልመና አብረዋቸው ይድገሙ። ዕድርተኞቹ የቀሩትን ሰው ሊጠይቁ እንዲመጡ ይንገሯቸው፤ የዕድሩ ዳኛም አባትዎ የማያፍሩበትን አንድ ሥራ፣ መዝገብ መያዝም ቢሆን፣ ይስጧቸው። የወንበር ጋሪ ከተገኘ ደግሞ እሑድ ጠዋት ወንድሞችዎ እየገፉ እስከ ደጀ ሰላሙ ያድርሷቸው፤ እርስዎ ያን ቀን ይረፉ።