መልስ፦ የማይክሮሶፍት ወርድ ቴምፕሌት ሰንጠረዥ መልኩ እንዳይለዋወጥ

ሰላም ወንድሜ፣ የሪፖርት ቴምፕሌታችሁ (አዲስ ሪፖርቶች የሚወጡበት ሞዴል ፋይል) ሰንጠረዥ ሰው በነካው ቁጥር መልኩን ይቀይራል ብለሃል። መስመሩም ቀለሙም በእጅ የተሠራ ከሆነ አይገርምም።

መጀመሪያ ቴምፕሌቱን ራሱን በፋይል፣ ኦፕን በኩል ክፈት። ደብል ክሊክ ካደረግከው አዲስ ሰነድ ነው የሚያወጣልህ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ሆነህ ቴብል ዲዛይን ላይ ካሉት ስታይሎች (በስም የተቀመጡ የመልክ ምርጫዎች) ግርጌ ኒው ቴብል ስታይልን ምረጥ። የመስመሩን ውፍረትና የራስጌውን ረድፍ ቀለም እዚያ ወስን፤ ከመስኮቱ ታች «ኒው ዶኩመንትስ ቤዝድ ኦን ዚስ ቴምፕሌት» የሚለውን ምልክት ማድረግ አትርሳ። በመጨረሻ ስታይሉን ቀኝ ክሊክ አድርገህ ሴት አዝ ዲፎልት በለው፤ እዚያም ከቴምፕሌቱ የሚወጡትን ሰነዶች ሁሉ የሚለውን ምረጥ።

የፊደል መጠንን ግን ለቴብል ስታይል ባትተወው ይሻላል፤ ከኖርማል (ከወርድ መደበኛ የጽሑፍ) ስታይል ጋር ይጋጭና አንዳንዴ አልታዘዝም ይላል። «የሰንጠረዥ ጽሑፍ» የሚል የአንቀጽ ስታይል ለብቻው ፍጠርና ሴሎቹ ላይ እሱን ተጠቀም።

ነባሮቹ ሰንጠረዦች የድሮ መልካቸውን አልለቅ ካሉ፣ ስታይሉን ቀኝ ክሊክ ስታደርግ «አፕላይ ኤንድ ክሊር ፎርማቲንግ» የሚል ታገኛለህ።