እንቦጭና ደንገል ለማሽን፦ የጣና ዳር ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኗልና የማኅበራችንን አባላት «ያሻችሁን ጠይቁ» አልኳቸው። ሐይቁ ዳር ቡና እየተጠጣ ነው የተወራው፤ ብቻ ሳይቀዘቅዝ የተጠጣ ቡና የለም።

ጥያቄ (አንድ አረጋዊ ዓሣ አስጋሪ)፦ መምህር፣ ነገሩ ባጭሩ ምንድነው?

መልስ፦ ድሮ ኮምፒውተርን የምናሠራው ደንቡን አንድ በአንድ ጽፈን ነበር። አሁን ምሳሌ እንሰጠዋለን፤ ደንቡን ራሱ ይፈልጋል። እርስዎ አምባዛን ከቆሮሶ ሲለዩ ማን ደንብ ጽፎ ሰጠዎት? እያዩ፣ እየተሳሳቱ ነው የለመዱት። ለእርስዎ ግን ጥቂት ዓሣ በቅቶዎታል፤ ማሽኑ ሺህ ቢያሳዩትም ጨምሩልኝ ይላል።

ጥያቄ (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)፦ «ተማረ» ሲባል ውስጡ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ብዙው ሰው ዘሎት የሚያልፈው ይህን ነው። ከጣና የተነሱ ፎቶዎች አሉን እንበል፤ ገሚሱ እንቦጭ፣ ገሚሱ ደንገል፣ በየፎቶው ላይም የትኛው እንደሆነ ተጽፏል። ፎቶ ለኮምፒውተር ቁጥር ነው፦ የእያንዳንዷ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን። ሞዴሉ፣ ማለትም የሚማረው ፕሮግራም፣ እነዚህን የፎቶ ቁጥሮች «ክብደት» በምንላቸው በራሱ ቁጥሮች እያባዛና እየደመረ መልስ ያወጣል። ክብደቶቹ ሲጀመር በዘፈቀደ የተቀመጡ ስለሆኑ እንቦጩን ደንገል ይላል። ስህተቱ ይለካል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ክብደት ስህተቱ ወደሚቀንስበት በኩል ፈቀቅ ይላል። ክራር ስትቃኚ ጅማቱን ከረር ላላ እያደረግሽ እንደምትሰሚው ነው፤ እዚህ ግን ጅማቶቹ ሚሊዮኖች ናቸው።

ሲጨርስ አይቶት በማያውቀው ፎቶ ትፈትኚዋለሽ፤ ባየው ከፈተንሽው ሸምዳጅ ተማሪ ነው የምታሳልፊው። አንድ ወጥመድም አለ፦ የእንቦጩ ፎቶ ሁሉ በደመናማ ቀን ከተነሳ፣ ማሽኑ የተማረው ስለ ተክሉ ሳይሆን ስለ ደመናው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (የባጃጅ ሹፌር)፦ ትናንት የመጣ ነገር ነው?

መልስ፦ ኧረ የለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ «ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?» ብሎ የጻፈው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስያሜ በ1955 በአሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ በነጆን ማካርቲ ተሰጠ፤ በዓመቱ አሜሪካ ባለው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ስብሰባ ተደረገ። ሁሉም ሰው የሰማው ግን ጠይቀውት በጽሑፍ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ ቻትጂፒቲ፣ በ2022 ሲወጣ ነው።

ጥያቄ (መምህርት)፦ ተማሪዎቼ አንዱን የውይይት ፕሮግራም ስለ ጣና ገዳማት ቢጠይቁት የሌለ ገዳም ፈጠረላቸው። ይዋሻል እንዴ?

መልስ፦ ለመዋሸት እኮ እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። እሱ የሚሠራው ካነበበው ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ነው። «ናርጋ» ቢሉ ጣና ዳር ያደገ ሁሉ «ሥላሴ» ብሎ ይጨርስልዎታል፤ «ዳጋ» ቢሉ «እስጢፋኖስ»። እሱም እንደዚያው ነው። ያላነበበው ላይ ሲደርስ ግን ዝም ከማለት ለጆሮ የሚስማማ ስም ይሰካል፤ ድምፁም አይንቀጠቀጥም። እኔ የማየው ትልቁ አደጋ ይኼ ድፍረቱ ነው። ተማሪዎቹ መልሱን ከመጽሐፍ ጋር ያመሳክሩት።

ጥያቄ (ነጋዴ)፦ አማርኛ ላይስ ለምን ይንተባተባል?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት ያነበበው አማርኛ ጥቂት መሆኑ ነው፣ እህቴ። በዚያ ላይ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» እያልን እንጽፋለን፤ ላልቶና ጠብቆ የሚነበበውንም አንለይም። አሁን ያልኩት «ዋና» ሲጠብቅ ነው፤ ሲላላ ልጆቹ እዚያ ውኃው ውስጥ የሚያደርጉት ነው። እኛ ከአገባቡ እንለያለን፤ ማሽኑም ይለየዋል፣ ግን በቂ ምሳሌ ሲያገኝ።

ጥያቄ (አረጋዊው እንደገና)፦ የከሰዓቱ ማዕበል መቼ እንደሚነሳ ይነግረኛል?

መልስ፦ የዓመታት የአየር መረጃ ተምረው የሚተነብዩ ሞዴሎች አሉ። የእርስዎን የባሕር ዳርቻ ነፋስ ግን ማንም ካልመዘገበው ከምን ይማሩታል? የልጅ ልጅዎ ደብተር ይያዝልዎት፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ። ሁለት ክረምት ከሞላ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንሞክራለን።