ቤቱ በዕጣ ደረሰ፣ ጎረቤት ግን ተበተነ

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

ከተማ በአደጋ ሲፈርስ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው መንገዱና ድልድዩ ላይ ነው። ሙያችን ነውና አልፈርድባችሁም። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖር ስለሚወስን ተራ የስም ዝርዝር ነው።

ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ የጃፓኗ ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ እኔ በቅርቧ ባለችው ኦሳካ ተማሪ ነበርኩ። ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹን የገደላቸው ከባድ የሸክላ ጣሪያ የተሸከመ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ በ1973 ዓ.ም. በተሻሻለው የግንባታ ደንብ የተሠሩት ቤቶች በአብዛኛው ቆመው ቀርተዋል።

ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ያየሁት ኑሮ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። መብራት በሳምንት ገደማ ተመለሰ፤ ውኃና ጋዝ እስከ ሚያዝያ ያልደረሳቸው ሰፈሮች ግን ነበሩ። ሰዉ ዕቃውን ይዞ በውኃ ቦቴ ፊት ይሰለፋል። በተሰነጠቀው ጣሪያ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። በየሕንፃው በር ላይ ባለሙያዎች የለጠፉት ወረቀት አለ፤ ቀዩ አትግቡ ይላል፣ ቢጫው ተጠንቀቁ፣ አረንጓዴው ታይቷል። በፍርስራሽ ላይ ደግሞ ባለቤቶቹ ያሉበትን መጠለያ የሚናገር የእጅ ጽሑፍ ይነበባል።

በዚሁ መንቀጥቀጥ በተመታችው በአዋጂ ደሴት፣ በሆኩዳን ከተማ፣ ሰዎች ማን በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ ያውቁ ነበርና የተቀበሩትን ፍለጋ በዚያው ቀን ተጠናቀቀ። በኮቤም ከፍርስራሽ በሕይወት የወጡትን አብዛኞቹን ያተረፏቸው ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው።

እንግዲህ ይህ ጎረቤት ምን ሆነ? ወደ 48,000 የሚጠጉ ጊዜያዊ ቤቶች ተሠሩ፤ ብዙዎቹ ከመሀል ከተማ ርቀው ነበር። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ተሰጠ፣ ቤቱ በዕጣ ታደለ። በአሠራሩ አድልዎ አልነበረበትም፤ አሳቢነትም ነበረው። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን አብረው ቡና የጠጡትን ሰዎች እየነጠለ ደካሞቹን ብቻቸውን በአንድ ቦታ ሰበሰባቸው። በዚያ በጊዜያዊ ቤት ከ200 በላይ ሰዎች ማንም ሳያያቸው ብቻቸውን ሞተዋል። የመሰብሰቢያ አዳራሽ ተሠራ፣ በጎ ፈቃደኞችም በር ለበር እየዞሩ አንኳኩ፤ የተበተነውን ሰፈር ግን ማን መልሶ ይሰበስበዋል?

ጃፓኖች ይህን አልረሱም። በ1997 ዓ.ም. በኒጋታ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከ2,000 በላይ የነበሩት የተራራማዋ ያማኮሺ ነዋሪዎች በሄሊኮፕተር ወጥተው ናጋኦካ ከተማ ሰፈሩ። ጊዜያዊ ቤቱ ሲደለደል ግን የአንድ መንደር ሰዎች ጎን ለጎን እንዲሆኑ ተደረገ። ብዙዎቹም በኋላ ተያይዘው ወደ ተራራቸው ተመልሰዋል።

እኛም የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ዳር ነው፤ የፈንታሌን መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ሆናችሁ ተሰምቷችኋል። ለአደጋም ሆነ ለልማት ሰው የምታሰፍሩበት ቀን ሲመጣ፣ ከቤተሰቡ ብዛትና ከዕድሜው ቀጥሎ በቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ዕድሩ የትኛው ነው? ከማንስ ጋር መሄድ ይፈልጋል? አለቃችሁ ሥራ ታጓትታላችሁ ቢላችሁ የያማኮሺን ነገር ንገሩት፤ ዕጣውንም ለግለሰብ ሳይሆን ለዕድሩ አውጡ።