የክብረ በዓል ፕሮግራም ለምታዘጋጁ ወጣቶች

ይድረስ በቴሌቪዥንና በሙዚቃ ሙያ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፤

የአንድን ድርጅት ወይም የአንድን የሙዚቃ ቡድን የምስረታ በዓል ፕሮግራም እንድታዘጋጁ ስትታዘዙ፣ አንዳንዶቻችሁ ወደ እኔ መጥታችሁ በቅድሚያ ምን ብታዩ እንደሚጠቅማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሴ ለዓመታት አልተለወጠም። የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ እየቀረጸ በሸክላ ያሳትም የነበረው ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 25ኛ ዓመቱን ያከበረበትን ፕሮግራም ሁለት ጊዜ እዩት፤ መጀመሪያ በመድረኩ ላይ ስላሉት ሰዎች፣ ቀጥሎ ደግሞ በመድረኩ ላይ ስለሌሉት ሰዎች።

ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1983 በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና ሲቪክ አዳራሽ ተቀርጾ፣ ሜይ 16 ቀን በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ዋናዋ አዘጋጅ ሱዛን ደ ፓስ ወጣት ሳለች በኩባንያው ተቀጥራ በዚያው ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሙዚቃውን የሠራው ኩባንያ ራሱ ታሪኩን በራሱ ሰዎች አዘጋጅቶ ማቅረቡን እንደ ቀላል ነገር አትቁጠሩት። መድረኩን የመራው ኮሜዲያኑ ሪቻርድ ፕራየር ሲሆን፣ ስሞኪ ሮቢንሰን ከሚራክልስ ጋር፣ ዳያና ሮስ ከሱፕሪምስ ጋር ዳግም ተገናኝተውበታል፤ ቴምፕቴሽንስና ፎር ቶፕስም በዘፈን ተፎካክረውበታል። ማይክል ጃክሰን ከወንድሞቹ ጋር ለመዝፈን የተስማማው፣ ለሌላ ኩባንያ የቀረጸውን የራሱን አዲስ ዘፈን ብቻውን እንዲያቀርብ ከተፈቀደለት በኋላ ነበር። ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የተራመደበት፣ «ሙንዎክ» የተባለው የዳንስ እርምጃ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በዚያ ምሽት ነው። እርምጃው ግን ከእርሱ በፊት ባለቤቶች ነበሩት፤ ሶል ትሬን በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን የሙዚቃና የዳንስ ፕሮግራም ዳንሰኛ የነበረው ጄፍሪ ዳንኤል ከአንድ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳይቶት ነበር፣ ጃክሰንም ከእርሱና ከሌሎች ወጣት ዳንሰኞች ተምሮታል። ይህን የምነግራችሁ የጃክሰንን ችሎታ ለማሳነስ አይደለም፤ ተመልካች የሚያደንቀው ነገር ሁሉ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የእናንተ የሙያ ግዴታ ስለሆነ ነው።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ የድምፃዊው የማርቪን ጌይ ክፍል ነው። ፒያኖ ፊት ተቀምጦ፣ በቀስታ እየተጫወተ፣ የጥቁሮች ሙዚቃ የመጣበትን ረጅም መንገድ በንግግር ካወሳ በኋላ ተነሥቶ በ1971 ያወጣውን «ዋትስ ጎዪንግ ኦን» የተሰኘ ዘፈኑን ዘፈነ። በዚያ ሸክላ ላይ ቤዝ ጊታሩን የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን ነው። ጀመርሰን በዚያ ምሽት በመድረኩ ላይ አልነበረም፤ የክብር ጥሪም አልደረሰውም። በራሱ ገንዘብ ቲኬት ገዝቶ፣ ከተመልካቹ ጋር ከላይ ከሰገነቱ ተቀምጦ ተመለከተ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ኦገስት 2 ቀን 1983፣ በ47 ዓመቱ አረፈ።

ይህ ሰው ማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የኩባንያውን አጀማመር ይነካል። የሞታውን መሥራች ቤሪ ጎርዲ በመኪና ፋብሪካ የሠራ የቀድሞ ቦክሰኛ ሲሆን፣ በ1959 ከቤተሰቡ የቁጠባ ማኅበር በተበደረው 800 ዶላር ዲትሮይት ውስጥ ሥራ ጀመረ። በዌስት ግራንድ ቡለቫርድ ላይ በገዛው መኖሪያ ቤት ውስጥ ባዘጋጃት ጠባብ ስቱዲዮ ሌሊት በጃዝ ክለቦች የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን ቀን ሰበሰበ። ራሳቸውን ፈንክ ብራዘርስ ብለው የሚጠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ጀመርሰን በቤዝ፣ ቤኒ ቤንጃሚን በድራም፣ ኧርል ቫን ዳይክ በኪቦርድ፣ ሮበርት ዋይት በጊታር። የቴምፕቴሽንስን «ማይ ገርል» የሰማ ሁሉ የሚያስታውሰውን የመክፈቻ ዜማ የተጫወቱት የዋይት ጣቶች ናቸው። ድምፃውያኑ ሲቀያየሩ፣ ደራሲዎቹም ሲፈራረቁ፣ ከሥራቸው ያለው ምት የእነዚሁ ሰዎች ነበር፤ ይሁን እንጂ በስድሳዎቹ ዓመታት በወጡት ሸክላዎች ሽፋን ላይ ስማቸው በአብዛኛው አይገኝም። ስማቸው ተዘርዝሮ የወጣው በዚያው በ1971 የማርቪን ጌይ አልበም ሽፋን ላይ ሲሆን፣ ጀመርሰንም «አቻ የሌለው» ተብሎ ተጠቅሶበታል። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፣ ቡድኑም ተበተነ። እንግዲህ በ1983 ያ ዘፈን በታላቅ ክብር ሲዘፈን፣ ሽፋኑ ያመሰገነው ሰው ሰገነት ላይ ነበር። ክፋት ነበረ ብዬ አላምንም፤ ለካሜራ የሚመች ፊት ብቻ ሲፈለግ በዓሉ ራሱ የሠራተኛውን ስም ያስረሳል።

ሶል የሚባለው ይህ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ እኛንም በቅርብ ነክቶናል። በአስመራ በነበረው የአሜሪካ የቃኘው ጦር ሰፈር ሬዲዮና በሚገቡት ሸክላዎች የጥቁር አሜሪካውያንን ዜማ የሰሙ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ የራሳቸውን ድምፅ ፈጠሩበት፤ ድምፃዊውን ዓለማየሁ እሸቴን አስታውሱ። አምሃ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1969 በግል የሸክላ አሳታሚነት ሲነሣ፣ የጎርዲን ያህል ድፍረት ጠይቆታል። ዛሬ ግን የዓለማየሁን ስም ከሚያውቁት መካከል ስንቱ የግርማ በየነን ስም ይጠራል? ግርማ የዘመኑን ብዙ ዘፈኖች ያቀናበረ ፒያኒስት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ገብቶ በዚያው ቀረ። አብሮት የቀረው የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እያሽከረከረ ለዓመታት ኖረ። በዚያ ዘመን ስንት የበዓል ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቷል!

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ እላችኋለሁ። የእንግዶችን ስም ዝርዝር ከድምፃውያን አትጀምሩ፤ ከአቀናባሪው፣ ከድምፅ ቀራጩ፣ ከመሣሪያ ተጫዋቾቹ ጀምሩና ወደ ድምፃውያኑ ውጡ። የድሮ ሸክላ ሽፋን፣ የክፍያ ወረቀትና ውል ከማንም ትዝታ ይልቅ ስለሚያስተማምን፣ ቃለ መጠይቅ ከመያዛችሁ በፊት እነርሱን አፈላልጉ። በሕይወት ያሉት አረጋውያን የት እንዳሉ ጠይቁ፤ ውጭ አገር ካሉ ስልክ ደውሉ፣ አቅም ካነሳቸው ቤታቸው ሄዳችሁ ቅረጹ፣ ለጊዜያቸውም ክፈሏቸው። አለቃችሁ ተመልካች የማያውቀው ፊት አይስብም ቢላችሁ፣ ዘፈኑን ያለ ቤዙ አንድ ጊዜ አሰሙት፣ ከዚያም ከነቤዙ። የራሳችሁንም ነገር አትርሱ፤ በፕሮግራሙ መዝጊያ ላይ የአርታኢው፣ የካሜራ ባለሙያውና የድምፅ ሠራተኛው ስም በሚነበብ ፍጥነት እንዲያልፍ፣ በድጋሚ ሲተላለፍም እንዳይቆረጥ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በውሉ ውስጥ አስጽፉ።