ከጀርባ የሚቀዳ ፈሳሽና ፀረ-ኦክሳይድ ኢንዛይሞች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ አባቴ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ፓርኪንሰን ነው ተብለዋል። ከጀርባቸው ፈሳሽ ተቀድቶ ኢንዛይሞቹ ቢለኩ ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም፣ እህቴ። ፓርኪንሰን የሚለየው ሐኪሙ አካሄዳቸውን፣ የእጃቸውን መዘግየትና የጡንቻቸውን ግትርነት አይቶ ነው። ኤስኦዲና ካታሌዝ የሚባሉት ፀረ-ኦክሳይድ ኢንዛይሞች (ሴልን ከኦክስጅን ጉዳት የሚጠብቁ ፕሮቲኖች) ልካቸው በበሽተኛና በጤነኛ መካከል ስለሚደራረብ የአንድ ሰው ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ለዚህ ብላችሁ አባታችሁን አታስወጉ።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን ኢስ?

መልስ፦ በ800 የፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ በቀን 2000 ዩኒት ተሞክሮ በሽታውን አላዘገየውም፤ ውጤቱ በ1993 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ገንዘባችሁን ለታዘዘው መድኃኒት አውሉት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦ ለጥናት የተቀዳ ፈሳሽ ወደ ደሴ እንልካለን፤ ካታሌዙ አንዱ ጋ ሰማይ ይነካል፣ ሌላው ጋ የለም። ምን እያጠፋን ነው?

መልስ፦ ደም ነው። ቀይ የደም ሴል በካታሌዝና በኤስኦዲ የተሞላ ነው። በ1 ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 5 ሚሊዮን ገደማ ቀይ ሴል አለ፤ ስለዚህ በ1 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ 5000 ብትቆጥሩ ከሺህ አንድ እጁ ደም ነው። 500ውን ግን ዓይን ላያየው ይችላል፤ ጥርት ያለ ውሃ መስሎ ያታልላል። ሴሎቹ ሳይለዩ የሐረጎን ዳገት እየተንገጫገጩ ከወጡ፣ ወይም ሳይለዩ ከቀዘቀዙ፣ ይፈነዱና የምትለኩት የአንጎልን ሳይሆን የደሙን ኢንዛይም ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን 1–2 ሚሊ ሊትር ለጥናቱ አትውሰዱት። ቀጣዩን በፖሊፕሮፒሊን ቲዩብ ያዙ፤ ብርጭቆና ፖሊስታይሪን ፕሮቲን ይይዛሉ። ሴሎቹን ወዲያው ቁጠሩ፤ ከ500 በላይ ከሆነ ናሙናው ለኢንዛይም አይሆንም። እዚያው ኮምቦልቻ በሴንትሪፉጅ በ2000 ጂ (የስበት ኃይል እጥፍ) ለ10 ደቂቃ አሽከርክሩት፤ ላይኛውን ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ ታችኛውን ጠብታ ተዉት። በ0.25–0.5 ሚሊ ሊትር ከፋፍላችሁ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዙ። መከፋፈሉ መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው፦ አንዱን ስታወጡ ሌላው አይቀልጥም፤ ቀልጦ ዳግም የቀዘቀዘ ኢንዛይም ደግሞ ይዳከማል።

እንዳይበላሽ ብላችሁ ሶዲየም አዛይድ የተባለውን ማቆያ ኬሚካል ከጨመራችሁ አቁሙ፤ ካታሌዝን ያግደዋል። «የለም» ያላችሁት ናሙና ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሕክምና የሚያገለግል አንድም የለም?

መልስ፦ አለ፣ ኤስኦዲ1፤ ከኤስኦዲ ዓይነቶች አንዱ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የዚህ ኢንዛይም ጂን መበላሸት ከኤኤልኤስ (የእንቅስቃሴ ነርቮችን ከሚገድለው በሽታ) ጋር ተያያዘ። ችግሩ የኢንዛይሙ ማነስ አይደለም፤ የተጣመመው ፕሮቲን ራሱ የእንቅስቃሴ ነርቮችን ይመርዛል። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው ቶፈርሰን የተባለ መድኃኒት በጀርባ 100 ሚሊ ግራም ይሰጣል፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መርፌዎች በየ14 ቀኑ፣ ከዚያ በየ28 ቀኑ። በፈሳሹ ኤስኦዲ1 መቀነሱ መድኃኒቱ ዒላማውን እንደመታ ያሳያል፤ የነርቩን ጉዳት የሚያሳየው ግን ኒውሮፊላመንት፣ ከተጎዳ ነርቭ የሚፈስ ፕሮቲን፣ ነው። ይህም የተበላሸው ጂን ላለባቸው፣ ከመቶ የኤኤልኤስ ሕሙማን ለሁለት ያህሉ ብቻ።

ጥያቄ፦ ማጅራት ገትር ስንጠረጥርስ እንለካ?

መልስ፦ የለም። ሴል፣ ግሉኮስ፣ ፕሮቲን፣ ግራም ቀለምና ካልቸር ይቅደሙ፤ ፈሳሹ ትንሽ ከሆነ ለጥናት አንዲት ጠብታ አትቀንሱበት።