የማይለቅ የሙጫ ቅሪት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ባዶ የማዮኔዝ ብልቃጦችን ለበርበሬና ለቅመም ማስቀመጫ እጠቀምባቸዋለሁ። ወረቀቱ ሲላጥ የሚቀረው ሙጫ ግን በሽቦ ብፈትገውም አልለቀቀኝም።

መልስ፦ መፈተጉን ይተዉት፤ ሽቦው ሙጫውን ከማሰራጨት ውጪ ጥቅም የለውም። መጀመሪያ ብልቃጡን ላርጎ በተጨመረበት ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ ከሆነ በዚሁ ይለቃል። ብዙው የስቲከር ሙጫ ግን ውሃ አይገባውም፣ ዘይት ግን ሰርጎ ስለሚገባበት፣ የምግብ ዘይት በጥጥ ቀብተው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢተዉት ይለሰልስና ከመስተዋቱ ጋር ያለው መያዣ ይላላል። ያን ጊዜ በአውራ ጣትዎ ሲያሹት እየተጠቀለለ ይነሣል፤ የቀረውን ቅባት በላርጎ ያጥቡት።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ በአዲሱ የአሉሚኒየም መስኮታችን ላይ የነበረውን መሸፈኛ ላስቲክ ሳናነሣው ከረምን፤ አሁን ስንልጠው እየተቆራረጠ ሙጫው ይቀራል።

መልስ፦ በየአዲሱ ሕንፃ የማየው ችግር ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልዎ። ላስቲኩ የሚለጠፈው ዕቃው በጉዞና በግንባታ ወቅት እንዳይጫር ብቻ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማችን ደግሞ ፀሐዩ ብርቱ በመሆኑ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ሙጫውንም ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂቱን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ፣ ጠርዙን ወደ ኋላ አጥፈው በዝግታ ይሳቡት፤ ቶሎ ከሳቡት ይበጠሳል። የቀረውን ሙጫ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርገው ወዲያው በላርጎ ያጥቡት፤ ይህንንም መስኮቱን ከፍተው፣ ማድረቂያውን አጥፍተውና ከእሳት ርቀው ያድርጉት። ቤንዚን ግን ፈጽሞ ቤት ውስጥ አይጠቀሙ። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ፣ ለቡና ከተያያዘ ከሰል ጋር ሊገናኝና ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ አሴቶን ሁሉንም ያስለቅቃል ይባላል። ለፍሪጅና ለቡፌ ይሆናል?

መልስ፦ ለሁለቱም አይሆንም። አሴቶን ለመስተዋትና ለሴራሚክ ጥሩ ነው፤ ሱፐር ግሉንም ያሟሟል። ነገር ግን ብዙ ዓይነት ፕላስቲክን፣ ቀለምንና ቫርኒሽንም አብሮ ስለሚያሟሟ፣ የሚተወው ደብዛዛ ጠባሳ በምንም መወልወል አይመለስም። ለፍሪጁ የፋርማሲ አልኮል በጨርቅ ይበቃል፤ እሱንም አስቀድመው በማይታይ ጥግ ይሞክሩት። ለቡፌው ዘይት ይሻላል፣ አልኮልም ቫርኒሽን ሊያበላሽ ይችላልና። አሴቶንም ሆነ አልኮል ከበረኪና ጋር እንዳይቀላቀል አደራ፤ መርዛማ ነገር ይፈጠራል።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ የቀረ የፕላስተር ሙጫስ?

መልስ፦ ግድግዳው ስለሚጠጣውና እድፉ ስለሚቀር ዘይት አያስነኩት። በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው በእርሳስ ላጲስ ቀስ እያሉ ያንከባሉት።