«ዕድሜያቸው ገፍቷል» ብቻውን መልስ አይሆንም

እህቴ፣ አባትሽ 79 ዓመታቸው ነው፤ ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ ተገኝቷል። ሐኪሙም «ዕድሜያቸው ስለገፋ ያሰጋል» ብለውሻል። «ኦፕራሲዮኑን ይችሉታል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። ሰመመን ሰጪ ነኝ፤ ይሄ ጥያቄ ከጆሮዬ ጠፍቶ አያውቅም።

ዕድሜ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በ85 ዓመታቸው ገበያ ደርሰው የሚመለሱ አሉ። በ68 ደግሞ ያለ ደጋፊ የማይነሱ አሉ። ለልብ ስጋት በብዛት የምንጠቀምበት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው መለኪያ ስድስት ነገር ይቆጥራል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይሰጣል፦ ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ የልብ ደም ሥር ሕመም፣ የልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ በኢንሱሊን የሚታከም ስኳር፣ በደም ምርመራ ከ2 mg/dL በላይ የሆነ ክሪያቲኒን (ኩላሊት መድከሙን የሚያሳይ)። ዕድሜ ከስድስቱ ውስጥ የለም። የሆድ ዕቃ ኦፕራሲዮን ግን ከከባድ ቀዶ ሕክምና ስለሚቆጠር አባትሽ ከአንድ ነጥብ ይጀምራሉ።

ከዚያ የሚቀረው የሰውነታቸው አቅም ነው። እዚህ ላይ አዛውንቶቻችን ያስቸግሩናል። «ይደክምዎታል?» ስትያቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሱ። ስለዚህ መጠየቁን ትቼ አያለሁ። ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ይሄዳሉ፤ ዞረው ይመጡና ይቀመጣሉ። እኔ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። 15 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው እጠነቀቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሰከንዱ ይልቅ አነሳሳቸው ይነግረኛል። የወንበሩን እጀታ ጨብጠው፣ ሞክረው ቁጭ ብለው፣ በሁለተኛው የሚነሱ ከሆነ ጡንቻቸው አልቋል። ቀበቷቸውንም እይ፤ በዓመት ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ክብደት ቀንሰዋል።

የማስታወስ ነገርም አለ። አስቀድሞ የሚረሳ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ የመቃዠት ዕድሉ ከፍ ይላል። ማስታወስን ለመፈተን ሰዓት በወረቀት ላይ እንዲስሉ እናደርጋለን፤ ይሄ ግን ፊደል ላልቆጠረ ሰው አይሆንም፤ ለእነሱ «ገንዘብ ሲቆጥሩ ይሳሳታሉ? መንገድ ይጠፋቸዋል?» ብዬ ቤተሰብ እጠይቃለሁ።

ኢንተርኔት ላይ የኦፕራሲዮንን ስጋት በፐርሰንት የሚያወጣውን የአሜሪካ ማስሊያ አትመኚው። በእነሱ ሆስፒታሎች መረጃ የተሠራ ነው። እዚህ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ መኖሩን አያውቅም። አንቺ ግን አልጋ መኖሩን ሐኪሙን ጠይቂ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ዝም ብለሽ አትጠብቂ። በየቀኑ በእግራቸው ይሂዱ፤ ሲጋራ ካለ ይቁም። ጾም ላይ ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪና እንቁላልና ወተት ይጀምሩ። እምቢ ካሉ ምስርና ሽሮውን አብዢላቸው። መነጽራቸውንም ሆስፒታል ይዘሽ ሂጂ፤ ሲነቁ ማየት ያልቻሉ ሰዎች ቶሎ ይደናገራሉ።

ሆዳቸው ከተነፋ፣ ካስመለሳቸው ወይም ጋዝ አልወጣ ካላቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያንኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። አንጀት ተዘግቶ በጥድፊያ የሚሠራ ኦፕራሲዮን ተዘጋጅተው ከሚገቡበት በጣም የከፋ ነው።